የራዳር ጠቋሚ ለዕለት ተዕለት ነጂ ይጠቅማልን?



በአሜሪካ አገር በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በታክሲ ወይም በስልክ በሚጠራ መኪና ነጂነት እንጀራቸውን የሚያገኙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከነዚሁ አንዱ፥ በቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ፥ የፖሊስን ራዳር ከሩቅ የሚያስታውቅ ትንሽ መሣሪያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ሲል አሳቤን ጠየቀኝ፤ የፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንሁ ነው። ራዳር ዛሬ በአዲስ አበባም በትራፊክ ፖሊሶች እጅ የሚታይ ስለሆነ፥ ከውጭ አገር የሚመጣውም ዘመድ ለነጂ የሚያመጣው ስጦታ ብዙ ዓይነት ስለሆነ፥ ለሱ የሰጠሁትን መልስ ከጥቂት ጭማሪ ጋር በጋዜጣዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አስቀድሞ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ወደኛ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን፥ አልፎን ሲሄድ ወፈር ብሎ ይሰማናል። የዚህን ነገር ሕግ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. የገለጠው ዶፕለር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ነው። የፖሊሱ ራዳርም በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ ሞገድ ይልካል፥ ከመኪናው ተመትቶ የሚመለሰው ሞገድ ንዝረቱ በጥቂት ይለወጣል፥ ከልዩነቱም ፍጥነቱ ይሰላል። በሴኮንድ 24.15 ቢሊዮን ጊዜ የሚንዘር ሞገድ የሚልክ ራዳር፥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየገሠገሠ ወደሱ በሚመጣ መኪና ላይ የሚያገኘው ልዩነት 4,470 ያህል ንዝረት ብቻ ነው፤ ይህም ለሥራው ይበቃዋል። ጠቋሚው ግን ምንም አይለካም። ሬዲዮ ነው፤ ይህን የመሰለ ሞገድ ሲደርሰው ይጮኻል። የፖሊሱ ሞገድ ሄዶ መመለስ ሲኖርበት ለጠቋሚው መድረሱ ብቻ ስለሚበቃው፥ ገላጣ በሆነ አውራ ጎዳና ላይ ፖሊሱ ሳይለካው ነጂው ቀድሞ ሊሰማ ይችላል። ሻጮቹ የሚያወድሱት ይህን ነው፤ ሐሰትም አይደለም።

የአክስቴ ልጅ የሚውለው ግን በገላጣ ሜዳ አይደለም። ከተማ ውስጥ በራሱ የሚከፈተው የሱቅ በር ይህንኑ የመሰለ ሞገድ ይልካል፤ ከጎን የሚመጣ መኪና እንዳለ ለነጂው የሚያሳውቁት የአዳዲስ መኪናዎች መሣሪያዎችም ብዙዎቹ በዚሁ አካባቢ ባለ ሞገድ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ጠቋሚው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ውድ የሆኑት ዓይነቶች ይህን ለማጣራት ይሞክራሉ፤ ቢሆንም በቀን ብዙ ጊዜ በሐሰት የሚጠራ ዘበኛ በመጨረሻ የሚያዳምጠው ሰው እንደማይኖር ግልጥ ነው። ከዚህም ሌላ ብልህ ፖሊስ ራዳሩን ዘግቶ ይቆይና መኪናው ሲቀርብለት ብቻ ለአንድ አፍታ ይከፍተዋል። ጠቋሚውም ያን ጊዜ ይጮኻል፤ ከፍርድ በኋላ እንደ ደረሰ ጠበቃ ማለት ነው። በሌዘር የሚሠራውማ ይብሳል፤ ጨረሩ በ300 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነና ፖሊሱ ብዙ ጊዜ ወደ ሰሌዳው ስለሚያነጣጥር፥ መስተዋት ላይ የተለጠፈው ጠቋሚ ሳያየው ነገሩ ሊያልቅ ይችላል። በዋሽንግተን መንገዶች ላይ በቋሚነት የተተከሉት ካሜራዎች ደግሞ ያሉበትን ቦታ የከተማው አስተዳደር ራሱ ያስታውቃል፤ በስልክ ያለ የመንገድ ካርታም ያለ ዋጋ ያሳያቸዋል። ታዲያ በመቶ የሚቈጠር ዶላር የሚወጣው ለምንድን ነው?

የሕጉ ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ በማናቸውም መኪና ላይ ጠቋሚን የምትከለክል ቨርጂኒያ ብቻ ናት፤ ዋሽንግተን ከተማም ትከለክላለች። ሜሪላንድ ግን ለቤት መኪና ትፈቅዳለች። እንግዲህ በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወገናችን በጆርጂያ ጎዳና ቍልቍል ሲነዳ፥ ወሰኑን ተሻግሮ ዋሽንግተን በገባበት ደቂቃ በሕጋዊ ዕቃው ሕግ አፍራሽ ይሆናል። ፖሊስ የሚያውቅበትም መንገድ አለው፤ ጠቋሚው ራሱ ሲሠራ ደካማ ሞገድ ስለሚያወጣ፥ ጠቋሚን የሚጠቁም ሌላ መሣሪያ ተሠርቶለታል። ነገሩ አንዱ ሌባ ሌላው ዘበኛ ሆኖ ሁለቱም ከአንድ ገበያ እንደሚገዙ ይመስላል።

በቨርጂኒያ ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ የነዳ፥ ወይም በማናቸውም መንገድ ላይ ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው፥ የሚከሰሰው በተራ ደንብ መተላለፍ ሳይሆን በወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጠቋሚ ተማምኖ እግሩን የሚጭን ሰው በአንድ መሣሪያ ላይ የቤተሰቡን ኑሮ ያስይዛል።

በፍጥነት የሚገኘውስ ምንድን ነው? 10 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 50 እየነዱ 12 ደቂቃ ይፈጃል፤ 60 እየነዱ 10 ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ተረፈ፤ እሱንም የትራፊክ መብራት ይበላዋል። በሌላ በኩል ከ50 ወደ 60 ሲወጣ የመኪናው የግጭት ኀይል በመቶ 44 ይጨምራል። የዓለም የጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በመቶ አራት እንደሚጨምር ያስረዳል። በጠቋሚው ጩኸት ደንግጦ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ምን እንደሚያደርገው መናገር አያሻም።

ሆኖም ለገዢዎቹ ፍርድ ማጓደል አይገባም። በአሜሪካ ይህ መሣሪያ በብዛት የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። የ1973 ዓ.ም. የነዳጅ እጥረት በደረሰ ጊዜ መንግሥቱ በመላው አገር ከ55 ማይል በላይ መንዳትን በ1974 ዓ.ም. መጀመሪያ ከለከለ፤ ሕጉም እስከ 1995 ዓ.ም. ቆየ። ቤንዚን ለመቈጠብ በተደነገገ ሕግ፥ በዚያ ሰፊና ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ የተቀጣ ሰው በደለኛ ነኝ ብሎ አላመነም፤ ከፖሊሱ ለመደበቅም አላፈረም። ዛሬም በካሜራው ቅጣት ላይ፥ ሕይወት ለማዳን ነው ወይስ ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው የሚል ክርክር አለ። ሰው የደንቡ ምክንያት ካልታየው መሸሸጊያ መፈለጉ አይቀርም።

ስለ አገራችን የምጨምረውም ከዚሁ የመጣ ነው። በየመሥሪያ ቤታችን የመንግሥት መኪና የሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈጥነው ራሱ ስለ ወደደ ሳይሆን፥ ከኋላ የተቀመጠው ሹም ስብሰባ ረፈደብኝ እያለ ስለሚያጣድፈው ነው። ቅጣቱ ሲመጣ ግን የሚጻፈው በነጂው ስም ነው። ለዚህ ጠቋሚ አያስፈልግም፤ ከቤት ሩብ ሰዓት ቀድሞ መውጣት ይበቃል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደግሞ ራዳር ይዞ ፖሊስ ከሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ፥ በዚያ መንገድ የተፈቀደውን ፍጥነት የሚያሳይ ምልክት በግልጥ እንዲተከል፥ በዛፍ ቅርንጫፍና በማስታወቂያ የተሸፈኑትም ምልክቶች እንዲገለጡ ቢያደርግልን ትልቅ ውለታ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ
ከአዲስ አበባ