መጽሐፉን ዘግተን እንጠያየቅ

የፈተና ወራት በቀረበ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉና በየቤተ መጻሕፍቱ የምናየው ነገር አንድ ነው። ተማሪው ያነበበውን ደግሞ ያነባል፤ ያሰመረበትን መልሶ ያሰምራል፤ ሌሊቱ ሲጋመስም «ሦስት ጊዜ ጨረስሁት» ብሎ ይተኛል። መጨረሱስ እርግጥ ነው፤ ስለ መያዙ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ይህን የምናነሣው ነገሩ ከግቢያችን አልፎ የአገር ጉዳይ ስለሆነ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች፥ ከ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። መጽሐፍ ያልደረሰው አለ፤ ጦርነት ትምህርቱን ያቋረጠበት አለ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም የአጠናን ዘዴ ገንዘብ ሳይጠይቅ ሊታረም የሚችል ነገር ነውና ዝም ልንለው አይገባም።

በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ተማሪዎችን ምንባብ አስጠንተው ነበር። ከፊሎቹ ደጋግመው አነበቡ፤ ከፊሎቹ አንብበው ምንባቡን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ብልጫው ወደ ሁለተኞቹ ዞረ። የሚያታልለን እንግዲህ ይኸው የአምስት ደቂቃው ድል ነው። ፊደሉን ዓይናችን ስለለመደው ነገሩን ያወቅነው ይመስለናል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ትምህርቱን ይቀጽላል፤ የበሰለው ተማሪም ጀማሪውን ያስቀጽላል። መጽሐፉ ተከድኖ በቃል ያልወጣ ትምህርት እንደ ታወቀ አይቆጠርም። እኛ ከዚያ ሽምደዳውን ወስደን መጠያየቁን ትተነዋል።

በተለይ የእንግሊዝኛ ምንባብ ብዙዎችን ይጥላል። ተፈታኙ እያንዳንዱን ቃል ልተርጉም ሲል ሰዓቱ ያልቅበታል። በየአንቀጹ መጨረሻ ቆም ብሎ «ጸሐፊው ምን አለ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ መልሱንም አፉን በፈታበት ቋንቋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር። መናገር ካቃተው አልገባውምና ይመለስ። የቀድሞ ፈተናዎችንም ቢሆን መልሳቸውን መሸምደድ አይረባም፤ ሰዓት ይዞ ሠርቶ የተሳሳተበትን ምክንያት ሲመረምር ግን ጥሩ መምህር ይሆኑታል። ይህንም በአንድ ሌሊት ከመጨረስ በየጥቂት ቀኑ እየከፈሉ መሥራት ይሻላል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአቅም ማሻሻያ ትምህርት ወደየግቢው የሚመጡትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን እንደ ወደቁ ሰዎች የሚመለከቱ ከመካከላችን አልጠፉም። ይህ ያሳፍረናል። ከእኛ ብዙዎቻችን ያለፍነው ጥሩ መምህር ስለገጠመን ወይም ታላቅ ወንድም ስላስጠናን ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋልና ደጋግሞ ማንበብ ብቻ እኛንም አያዋጣንም።

ስለዚህ ይህን እናሳስባለን። እያንዳንዳችን በየቅዳሜው አንድ ሰዓት ሰጥተን ከእነዚህ ተማሪዎች ጋር መጽሐፉን ዘግተን እንጠያየቅ። መምህራኖቻችንም ከየትምህርታቸው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ወስደው ያለፈውን ሳምንት ቢጠይቁን፥ ማርክ ሳይዙበት፥ ምስጋናችን ታላቅ ነው። የሚያስጠይቅ ሰው ለሚጠየቀው ብቻ አይጠቅምም፤ እርሱም ያላወቀውን ያን ጊዜ ያውቃል።