ልዩ ልዩ ልጆች በአንድ ክፍል

በሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ደጅ ጥቂት የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ሰድዶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፥ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ትንሹ ልጅ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል፤ ከፍ ያለው ተራ ነጠላ ይሠራል፤ እጁ የበሰለው ደግሞ ጥለቱን ይጥላል። ባለሙያው ሦስቱንም ባንድ ቀን «ጥለት ጣሉ» ብሎ አያዝዝም። ቢያዝዝ ድሩ ይበጠሳል።

ከዚያው ከጉለሌ ዳገት ወረድ ብለን ስድሳ ልጅ ከታጨቀበት ክፍል የገባን እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትምህርቱ ክፍልፋይ ነው እንበል። ከፊት ወንበር ያለችው ልጅ ሒሳቡን አስቀድማ ጨርሳ የጣራውን ቆርቆሮ ትቈጥራለች፤ ከኋላ ያለው ልጅ ማባዛትን ገና ስላልጨበጠ ከጥቁር ሰሌዳው የሚገለብጠው ቍጥር ለእርሱ ሥዕል ነው። በወሩ መጨረሻ ለሁለቱም አንድ ወረቀት ይታደላል፤ እርስዋ ዘጠና፥ እርሱ ሃያ ያገኛሉ። አስተማሪው ከዚህ ምን አዲስ ነገር ዐወቀ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና እንዲደረግ አዝዞ ነበር። እኛ ተማሪ ሳለን ያየነው ግን ትልቁ ፈተና ተቈራርጦ በየሳምንቱ ሲሰጥ ነው። «አንድ ለአምስት» ተብለን በተደራጀንም ጊዜ ጎበዙ የቤት ሥራውን ይሠራል፥ የቀረነው እንገለብጣለን። (ከየትኛው ወገን እንደ ነበርን አንባቢ አይጠይቀን!) በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማም ቢሆን እጁን ላነሣ ልጅ ቆሞ የሚጠብቅ አስተማሪ አልነበረም።

የሚያስገርመው ግን ይህ ዘዴ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑ ነው። በየኔታ ጉባኤ ፊደል የሚቈጥረው፥ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበውና ዳዊት የሚደግመው ባንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ በየተራው ቀርቦ በደረሰበት ይሰማለታል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቈጥራል። ዱላውና ሽምደዳው ይመለስ ማለታችን አይደለም፤ ልጁን ከቆመበት መቀበሉን ነው የምንሻው።

እንግዲህ አስተማሪው በመስከረም ማርክ የማይሰጥበት አጭር ጥያቄ አቅርቦ ማን የት እንደ ቆመ ይወቅ። ክፍልፋዩን ለሁሉም ያስተምር፤ ልምምዱን ግን ይለያይ። አንዱ ድፎ ዳቦ ሲቈረስ እያየ ይጀምር፤ ሌላው ከመጽሐፉ ይሥራ፤ ፈጣኗ ልጅ ደግሞ ያንኑ ዐይነት ሒሳብ ሃያ ጊዜ ከመድገም ይልቅ ራስዋ ጥያቄ አውጥታ ታስረዳ። መጻፍ የሚያዳግተው በቃሉ ይጠየቅ። ነገር ግን «የደካሞች ወንበር» የሚባል ነገር ከቶ አይኑር፤ ምድቡ በየትምህርቱ ካልተለዋወጠ ልጁ ስሙን ትቶ ወንበሩን ይመስላል።

«ታዲያ መለኪያው ዝቅ ይበል ማለት ነውን?» የሚለን ይኖራል። አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለሁሉም አንድ ነው፤ አንድ መሆኑም ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ የወደቁት በዚያው በፈተናው ሳምንት ነው ብሎ የሚያምን ካለ፥ ያን ማባዛት ያልጨበጠ ልጅ ይመልከት።

በእርግጥ ስድሳ ደብተር የሚያርም አስተማሪ ይህን ሁሉ ብቻውን ይሥራ ማለት ግፍ ነው። ለአንደኛ ደረጃ ክፍል 50፥ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ የሚለው ልክ በወረቀት ከሠፈረ ቈይቷል። ነገ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት የምትቀበሉ ወጣት ሹማምንት፥ ስንት ልጅ አለፈ ከሚለው ቀጥላችሁ አንድ ዐምድ ጨምሩ፤ በመስከረም ማንበብ ካልቻሉት ውስጥ በሰኔ ስንቱ አነበቡ?