ክፍት በር «ግቢ» ካላለ

ዴብያን የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ስም የሰማ ሁሉ የስሙን ምንጭ ያውቃል ለማለት አልደፍርም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ሥራውን ሲጀምር፣ የያኔ ወዳጁን የዴብራን ስም ከራሱ ስም ጋር ገመደና ዴብያን አለው። ስለዚህ በዓለም ላይ በነጻ ከሚታደሉት የኮምፒውተር ሥርዓቶች ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ በተጠራ ቁጥር የሴቲቱ ስም ይቀድማል። ሆኖም ስሟ በደጃፉ ላይ በተጻፈበት በዚያ ቤት ውስጥ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ2004 ሲቆጠር፣ ከዘጠኝ መቶ ከሚበልጡት ይፋዊ አባላት መካከል ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለቅኔ ወዳጅ ይህ ራሱን የቻለ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ ዴብራ፣ ወርቁ ኢያን።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት የተጻፈበት ኮድ ለማንም የተገለጠ፣ ማንም የሚያነበው፣ የሚያርመው፣ አሻሽሎም መልሶ የሚያካፍለው ሶፍትዌር ነው። አንዱ ማሻሻያ ይልካል፤ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው ሌላው ደግሞ መርምሮ ይቀበለዋል ወይም ይመልሰዋል። ለእኛ ለባንክ ቤት ሰዎች ይህ አሠራር ባዕድ አይደለም፤ አንዱ ያዘጋጀውን ሰነድ ሌላው ሳያየውና ሳይፈርምበት ገንዘብ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ልዩነቱ እኛ በወር መጨረሻ ደመወዝ መቀበላችን ነው። በክፍት ምንጭ ዓለም ዛሬ በኩባንያ ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙዎች ቢሆኑም፣ መሠረቱ የተጣለው በፈቃደኞች ጉልበት ነው። በአገራችን ቋንቋ ስም ይውጣለት ቢባል «ደቦ» ከሚለው የተሻለ አይገኝለትም።

ደቦ ካልን ዘንድ እስቲ ደቦውን ጠጋ ብለን እንየው። ማሳው ላይ የተሰለፈው ጎበዝ ይታያል፤ ዘፈኑም ይሰማል፤ ማን ስንት ትልም እንዳወጣ ለዓመት ይወራል። ያን ሁሉ ጉልበት የሚያሰልፈው ግን ከሳምንት በፊት የተጀመረ ሌላ ሥራ ነው። ጌሾውን የወቀጠችው፣ ብቅሉን ያበቀለችው፣ ጠላውን የጠመቀችው፣ እንጀራውን ጋግራ ማሳ ድረስ ተሸክማ የሄደችው ሴት ከሌለች ደቦ የለም። ይሁን እንጂ ደቦ ወጣ ሲባል ወጣ የሚባለው ጎበዙ ነው። በሶፍትዌሩ ደቦም እንዲሁ ነው። ኮድ የጻፈው «አበርካች» ይባላል። መመሪያውን የጻፈ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ የተረጎመ፣ ስሕተት ፈልጎ ያመለከተ፣ ጀማሪውን ያስተማረ፣ ጉባኤውን ያዘጋጀ ሰው ግን ለብዙ ዘመን በቆጠራው ውስጥ አልገባም። ሴቶች ሁሉ ጠላ ጠማቂ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ድንቅ ኮድ የሚጽፉ ሞልተዋል። የምለው መለኪያው ራሱ ማሳው ላይ ብቻ የተተከለ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ተደርጎ በ2006 የወጣ ጥናት በክፍት ምንጭ ሥራ የሴቶች ድርሻ 1.5 ከመቶ ገደማ፣ በንግድ ሶፍትዌር ግን 28 ከመቶ ገደማ መሆኑን ሲናገር፣ ብዙዎችን ያስደነገጠው ይህ ልዩነት ነበር። «ሴቶች ኮምፒውተር አይወዱም» የሚለው ማመኻኛ በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም፤ ደመወዝ በሚከፈልበት ቤት አሉና።

ታዲያ ምን አስቀራቸው? የተለመደው መልስ «በሩ ክፍት ነው፤ ኮድ ጾታ የለውም» የሚል ነው። መልሱ ያማረ ነው፤ እውነትም ቢሆን እንዴት በወደድነው! ነገር ግን በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በጊትሀብ ላይ የቀረቡ እጅግ ብዙ የኮድ ማሻሻያዎችን መርምሮ ነበር። የሴቶች ሥራ 78 ከመቶ በላይ፣ የወንዶቹ 74 ከመቶ በላይ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ማለትም የሴቶቹ ይበልጣል። ወደ ቤቱ ገና እንግዳ የሆኑት ሴቶች ግን፣ ከስማቸው ወይም ከፎቷቸው ሴትነታቸው ሲታወቅ፣ ተቀባይነታቸው ከ70ዎቹ ወደ 60ዎቹ ወረደ። የወንዶቹም ማንነት ሲታወቅ መጠነኛ መቀነስ ታይቷል፤ የሴቶቹ ግን የባሰ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን ታሪክ ቀድመን እናውቀዋለን። በ1846 ሦስቱ የብሮንቴ እኅትማማቾች የግጥም መጽሐፋቸውን ከረር፣ ኤሊስና አክተን ቤል በተባሉ፣ ወንድ ይሁኑ ሴት በማይለዩ ስሞች ያሳተሙት ግጥሙ እንዲነበብላቸው እንጂ ስሙ አምሯቸው አልነበረም።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በቅኔ ቤት ደጃፍ ላይ «ሴት አትግባ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አላየንም። ቅኔ ለመማር ግን አገር አቋርጦ መሄድ፣ ደበሎ ለብሶ ቁራሽ መለመን፣ ውሻ መከላከል፣ ጎጆ ቀልሶ በየመቃብሩ አጠገብ ማደር ያስፈልግ ነበር። የትኛዋ ወላጅ ሴት ልጇን ለዚህ ኑሮ ትሰጣለች? እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የጎጃም ስመ ጥር የቅኔ መምህር ለመሆን የበቁት ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ነው፤ የተማሩትም ከአባታቸው ጉባኤ ነው። የእማሆይን ታላቅነት ማንም አይቀንሰውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አባታቸው የቅኔ መምህር ያልነበሩት፣ ጉባኤው በቤታቸው ያልተዘረጋላቸው ሌሎቹ ሴቶች ናቸው። ስንቱ ቅኔ ሳይዘረፍ ቀረ?

ክፍት ምንጭም የራሱ የቆሎ ተማሪነት አለው፤ ስሙም ትርፍ ጊዜ ነው። ከሥራ መልስ፣ ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጦ ያለ ክፍያ ኮድ መጻፍ የሚችለው እራቱን ሌላ ሰው የሚያቀርብለት ነው። ይህን ጉዳይ ከንግግር ወደ ፈተና ያወጣው የግኖም ማኅበረሰብ ነው። በ2006 ጉግል ለተማሪዎች በሚከፍልበት የክረምት መርሐ ግብር ለመሳተፍ 181 ማመልከቻዎች ወደ ግኖም መጡ፤ ከሴት የመጣ አንድም አልነበረም። ሰዎቹ «እንግዲህ ምን እናድርግ» ብለው አልተቀመጡም። ክፍያ ያለው፣ ሴቶችን በስም የሚጠራ የራሳቸውን መርሐ ግብር አወጁ። ከመቶ በላይ ሴቶች አመለከቱ፤ ስድስቱ ተመረጡ። ባዶና መቶ! በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቤት። የተለወጠው መጠራታቸው ብቻ ነው። በ2010 ማሪና ዙራኺንስካያ ይህንኑ ውጥን አድሳ አስፋፋችው፤ ከ2015 ጀምሮ አውትሪቺ በሚል ስም ሴቶችንና ሌሎች ወደ ዳር የተገፉ ወገኖችን ለሦስት ወር እየከፈለ ከመምህር ጋር ያሠራል። እስካሁን ያለፉበት ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። ማሪና በ2022 ዐርፋለች።

ስለ አንደበትም አንድ ነገር ማለት ይገባል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ዴብ ሪቻርድሰን ሊኑክስቺክስ የተባለውን የሴቶች ማኅበር ስትመሠርት ሕጎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ትሑት መሆንና አጋዥ መሆን። ሕግ እስኪሆን መድረሱ የጎረቤቱን ጠባይ ይናገራል። የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ ለዓመታት የሰው ሥራ ሲነቅፍ ሰውየውንም አብሮ በመስደብ ይታወቅ ነበር፤ በመስከረም 2018 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ራቀ፤ በዚያው ሰሞን የከርነሉ ሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበሉ። ስድብ ጥራትን ይጠብቃል የሚሉ ዛሬም አሉ። እኔ አይገባኝም። መርማሪ የተሳሳተውን አኃዝ በቀይ ያከብበዋል፤ የጸሐፊውን ግንባር አያከብብም፤ ሒሳቡም ይታረማል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ኮምፒውተር አማርኛ እንዲናገር የደከሙ በጎ ፈቃደኞች ብዙ ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን እንግሊዝኛው ጾታ ሳይለይ የሚያዝዘውን ቃል አማርኛ ከአክብሮት ቅርጽ ውጭ ለአንድ ሰው ሲናገር ሳይለይ ማዘዝ አይችልም፤ ወይ «አስቀምጥ» ነው፣ ወይ «አስቀምጪ»። በብዙ ትርጉሞች ላይ ደግሞ የምናገኘው «አስቀምጥ»፣ «ፈልግ»፣ «ሰርዝ» ነው። ተርጓሚው ክፉ አስቦ አይደለም። በዙሪያው «ለእኔስ?» የምትል ሴት ባለመኖሯ ጥያቄው አልተነሣም። እናቴ ስልኳን ስትከፍት መሣሪያው «አንተ» እያለ ይቀበላታል። ውክፔዲያ የሚሠራበት ሜዲያዊኪ ግን ተጠቃሚው እንዴት መጠራት እንደሚሻ እንዲመርጥ፣ ተርጓሚውም ሁለቱንም ቅርጽ እንዲጽፍ መንገድ አበጅቷል፤ ስለዚህ አይቻልም አይባልም።

ለዚህ ሥራ ኮድ ማወቅ አያስፈልግም፤ አማርኛ ማወቅ ይበቃል። የቃልን ክብደት የምትመዝኑ፣ ግጥም የምትጽፉ እኅቶች በትርጉሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ብትቀመጡ፣ ቀድመው የገቡትም ወንበር ስበው ቢቀበሏችሁ እወዳለሁ። የእኔን ሐሳብ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በአክብሮት ቅርጽ ይጻፍ እላለሁ። በመስኮቴ ፊት ለሚቆም ሰው ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ ሴት ትሁን ወንድ፣ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ነው የምለው፤ የተቀየመኝም የለም። ቁልፉ ላይ ቦታ አይበቃም የሚል ካለ ይቁጠረው፤ «አስቀምጥ» አምስት ፊደል ነው፣ «ያስቀምጡ»ም አምስት። «ሰርዝ» ሦስት፣ «ይሰርዙ» አራት።