የሚነጥቅ እጅና የሚሰጥ እጅ

ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመራዊ ከተማ፥ በጾመ ሁዳዴ 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ተለይቶ የከረመው ግቢ በትንሣኤ በዓል በቅርጫ ሲደምቅ፥ መደቡ ተደልድሎ ዕጣ ከተጣለ በኋላ የሚተርፈውን አጥንት ከሁሉ አብልጦ የሚጠባበቀው በአጥሩ ጥግ የታሰረው ቡችላ ነው። ሕግ ሳይኖርበት ከጾመኞቹ ጋር በእንጀራ ፍርፋሪና በድስት እጣቢ የሰነበተ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ አጥንቱ በተጣለለት ጊዜ በሁለት እጆቹ ይጫነዋል፤ አንገቱ ይገተራል፥ አኘካኘኩ ይፈጥናል፥ የዓይኑ ነጭ በጎን ይታያል፥ ሰው ሲቀርበውም ያጉረመርማል። ይህን ያየ አባወራ ወይ «ኃይለኛ ጠባቂ ይወጣዋል» ብሎ ይደሰታል፥ ወይ «ጌታውን ደፈረ» ብሎ በዱላ መትቶ አጥንቱን ይነጥቀዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ፍርዶች የተሳሳቱ ናቸው።

ቤት የሚጠብቅ ውሻ እንግዳውን ከቤተ ሰቡ ለይቶ ይጮኻል እንጂ ያበላው እጅ ሲቀርበው አይቆጣም። ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ገበታ ሲሻማ ያደገ፥ በኋላም ሕፃናት ለጨዋታ ብለው እያሳዩ ሲነሡት የኖረ ቡችላ፥ ቢያጉረመርም እንዳይቀማ ፈርቶ ነውና ጀግና ሊባል አይገባውም። ዱላውም ቢሆን ፍርሃቱን ያጸናዋል፤ ስለ ማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ድምፁን ማጥፋት ይማራልና፥ ከዚያ ወዲያ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ጠባዩን የሚያርመው ትዕግሥት ያለበት ትምህርት ነው። ቡችላው እየበላ ሳለ ሰውነቱ ከማይገተርበት ርቀት ላይ ቆሞ፥ ከአጥንቱ አብልጦ የሚወደውን ነገር፥ ለምሳሌ ከሉካንዳ ቤት በጥቂት ገንዘብ የሚገኘውን ሳንባ በሚገባ ቀቅሎና ቆራርጦ፥ አንዲቱን ቁራጭ ወርውሮለት መመለስ ነው። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ቡችላው ኮቴ በሰማ ቁጥር ጭራውን እየቆላ ቀና ይላል፤ ያን ጊዜ አንድ እርምጃ መቅረብ፥ ካጉረመረመም ሳይቆጡ ወደ ኋላ መመለስ፥ በመጨረሻም ቁራጩን ከእጅ እየሰጡ የለቀቀውን አጥንት ማንሣትና ወዲያው መልሶ መስጠት ይገባል። የተወሰደበት ሁሉ እንደሚመለስለት ያወቀ እንስሳ የሚሰስትበት ምክንያት አያገኝም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ ፈጽሞ አይሰጥ፤ ጎልምሶ መንከስ የለመደውንም ውሻ ከልጆች አርቆ፥ በተዘጋ ስፍራ ለብቻው መመገብ ይሻላል።

ኑሮ በተወደደበት ዘመን ለውሻ ትምህርት ሥጋ ማባከን ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከአጥንቱ አጠገብ ደፋ ብሎ የሚጫወተው ሕፃን ነው፤ ቁመቱ ከውሻው አፍ ትይዩ በመሆኑም ጥርሱ የሚያርፈው በፊቱ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል፥ ከእነዚህም ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንደ ሆኑ ይገመታል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ ጉዳት አንጻር የአንድ ሳንባ ዋጋ ምንም አይደለም።

ስለዚህ በመራዊም ሆነ በሌላ ከተማ ቡችላ የሚያሳድግ ሁሉ፥ ከቅርጫው አስቀድሞ ልጆቹን ሰብስቦ የሚበላ ውሻ እንደማይነካ ያስተምራቸው፤ ውሻውንም በጊዜው ያስከትብ፤ የተነከሰ ሰው ሲገኝም ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው።