መልክ ያለው፣ ድምፅ የሌለው

ማኅበራችን ባለፈው ዓመት ከአባላቱ በተዋጣ ገንዘብ አንድ ሽቦ አልባ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ በደጀን አካባቢ ለሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ መስጠቱ ይታወሳል። አሁን ደግሞ በብቸናና በሞጣ በኩል ላሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ያንኑ ዓይነት ዕቃ ለመግዛት ሐሳብ ቀርቧል፤ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባም ድምፅ ልንሰጥበት ነው። ድምፃችንን ከመስጠታችን በፊት ግን የመጀመሪያው ዕቃ ምን ድምፅ ሰጠ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ መስሎ ስለታየኝ ይህን ጽፌአለሁ።

መልሱ አጭር ነው፤ ምንም አልሰጠም። ዕቃው ማማሩን የሚክድ የለም። ቅርጹ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፣ አመድማ ጨርቅ የለበሰ፣ አንድም ቁልፍ የማይታይበት ነው። ዳሩ ግን ሥራ እንዲጀምር ብዙ ነገር ይጠይቃል። በውስጡ ባትሪ ስለሌለው ከግድግዳው ሶኬት ሊለይ አይችልም። ዋይፋይ ይፈልጋል። በዘመናዊ ስልክ ላይ የፋብሪካውን አፕሊኬሽን ጭኖ በኢሜይል መመዝገብን ይፈልጋል። የሽቦ መሰኪያ ቀዳዳ የለውም፤ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ ራዲዮም አይዝም። በትምህርት ቤቱ ደግሞ መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዋይፋይ የሚባል የለም፤ የክበቡ ኃላፊ የሆኑት መምህር የያዙትም ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ነው። ስለዚህ ዕቃው ዛሬ በቢሮ ቁም ሣጥን ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አባቶች ውስጡን ለቄስ የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው።

የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ አይደለም። ሀብታም አገሮችም ይህንኑ አይተውታል። አፕል የተባለው ታላቅ ኩባንያ በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. ሆምፖድ የሚባል ድምፅ ማጉያ በ349 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ድምፁ ብዙ ተመሰገነ። ነገር ግን የሽቦ ቀዳዳ አልነበረውም፤ የዚያው ኩባንያ ስልክ ወይም ታብሌት ከሌለ ማስጀመር አይቻልም ነበር፤ ይባስ ብሎም በዘይት ወይም በሰም በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነጭ ክብ ምልክት እየተወ ገዢዎችን አሳዘነ። በ2021 እ.ኤ.አ. ያ ሞዴል ተቋረጠ። ሶኖስ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያም በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ድምፅ ማጉያዎቹ የሚታዘዙበትን አፕሊኬሽን በአዲስ ቢለውጠው ቀድሞ ይሠሩ ከነበሩት አገልግሎቶች ብዙዎቹ ጎደሉ። ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ሳሎናቸው ያስቀመጡት ዕቃ በአንድ ሌሊት ሌላ ሆኖ አደረ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ይቅርታ ጠየቁ፤ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከሥራቸው ለቀቁ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ለመናገር ከሩቅ አገር ፈቃድ የሚጠብቅ ዕቃ፣ ደረሰኙ በእጃችን ቢሆንም በሙሉ የእኛ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ወይም ለንደን የሚኖር ሰው ይህ ቢያጋጥመው ቅር ይለዋል፤ ሌላ ይገዛል። እኛ ዘንድ ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዕቃው ጨርሶ ድዳ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን የረሳ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

እስቲ ከዚህ ጋር የቀድሞውን እናስተያየው። ትራንዚስተር በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተሠራ፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ሪጀንሲ የተባለው የመጀመሪያው የኪስ ትራንዚስተር ራዲዮ በ49.95 ዶላር ተሸጠ። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ አምፖል ራዲዮ ከባድ፣ ብዙ ኃይል የሚበላ የሳሎን ዕቃ ነበር። ትራንዚስተሩ ግን በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ከሳሎን ወጥቶ ማሳው ድረስ ሄደ። እረኛው በትከሻው አንጠለጠለው፤ ገበሬው በሞፈሩ ጫፍ ሰቀለው፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ቀን አቆየው። ማንም ኢሜይልህን አምጣ አላለውም።

የአገራችን ሰው በራዲዮ ያገኘውም ቀላል አይደለም። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ታላቁን መጽሐፍ «አነበበ»። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ትምህርት የተሰጠው በራዲዮና በቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥን ለሌለው የገጠር ልጅ የቀረው ራዲዮው ብቻ ነበር። ያ በዳንቴል የተሸፈነው ዕቃችን ያን ጊዜ ኖሮ ቢሆን ለዚያ ልጅ ምን ይረባው ነበር?

አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ለገጠር ልጅ የተናቀ ዕቃ ይበቃዋል ማለትህ ነውን?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው የሚከበር ነው፤ ዕቃውን የመረጡትም በቅን ልቡና፣ ለድኻ ልጅ ከሁሉ የተሻለውን እንስጥ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። በገበያ የሚሸጡት ርካሽ ማጉያዎች ድምፃቸው የሚያንጫርር መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን የተሻለ ማለት ምን ማለት ነው? አያቶቻችን በየደብሩ በዛፍ ላይ የሰቀሉት የድንጋይ ደወል ጌጥ የለውም፤ ሲመታ ግን ጎረቤት ቀበሌ ይሰማዋል። መሶቡም፣ በገናውም ውብ ነው፤ ውበቱ ግን እንጀራ ከመያዝና ድምፅ ከመስጠት አልከለከለውም። እኔ ውበትን አልጠላሁም፤ የጠላሁት አገልግሎትን ያስወጣ ውበትን ነው።

ብልኃት ለድኻ ሲታሰብም እንደሚያምር የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ትሬቨር ቤይሊስ የተባለ እንግሊዛዊ በአፍሪካ ስለ ኤድስ በሽታ የቀረበ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሲመለከት፣ ትምህርቱ በራዲዮ እንዳይዳረስ የመብራት እጦትና የባትሪ ውድነት መሰናክል መሆኑን ሰማ። እርሱም በ1991 እ.ኤ.አ. እንደ ሰዓት በእጅ የሚጠመዘዝ፣ በሞላ ኃይል የሚሠራ ራዲዮ ፈለሰፈ፤ ራዲዮውም በኋላ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ይመረት ጀመር። ሰውየው አስቀድሞ የጠየቀው «መልኩ ምን ይምሰል?» ብሎ አይደለም፤ «የሚሰማው ሰው ምን አለው፣ ምንስ የለውም?» ብሎ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ እኛም ከመግዛት መጠየቅን እናስቀድም። በበኩሌ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ዕቃው መብራት በሌለበት ቀን ቢያንስ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት የሚያሰማ፣ በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ይሁን። ሁለተኛ፣ ራዲዮ የሚይዝ፣ ሚሞሪ ካርድና ተራ ሽቦ የሚቀበል ይሁን። ሦስተኛ፣ ሲበላሽ በደጀን፣ በብቸና ወይም በሞጣ የሚገኝ ራዲዮ ጠጋኝ ሊከፍተው የሚችል ይሁን። አራተኛ፣ ከሁሉም በፊት የየትምህርት ቤቱ መምህራን ይጠየቁ፤ ምናልባትም «ማጉያ ሳይሆን መጽሐፍ ላኩልን» ይሉን ይሆናል፤ እንዲያ ካሉ ደግሞ መጽሐፍ እንላክ። በቁም ሣጥን ላይ ያለው ዕቃም ለሚጠቅመው ሰው ተሸጦ ገንዘቡ ለዚያው ክበብ ይመለስ።

ቀድሞ አዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ቆሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል መሣሪያው ነጋሪትና ጉሮሮው ብቻ ነበር፤ ቃሉ ግን ቆላና ደጋውን ያዳርስ ነበር። ደጀን ማለት በጭንቅ ቀን ከኋላ ቆሞ የሚደግፍ ኃይል ማለት ነው። ዕቃም ደጀን የሚባለው መብራት ሲጠፋና መስመር ሲቋረጥ የሚቆም እንደሆነ ነው። በሚመጣው ስብሰባ እጃችንን ስናወጣ ይህን እናስብ።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ