በእቁብ ገንዘብ ምን ዓይነት ካሜራ?



ሰሞኑን ከመካከላችን እቁብ ሲወጣላቸው ካሜራ ለመግዛት ያሰቡ አሉ። መልካም ነው። ነገር ግን የሰርግ ፎቶ አንሺ የሚሸከመውን ምን ያደርግልናል? ከባድ ካሜራ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀር። ለቤተሰብ የሚበጀው ሚረርለስ የሚሉት ነው፤ ውስጡ መስታወት ስለሌለው ያንሳል፣ ይቀላል። የመጀመሪያው፣ ፓናሶኒክ ሉሚክስ ጂ1፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለወጣ ያገለገለውን ፈልጎ መግዛትም ይቻላል።

ዋናው ጉዳይ ሌንሱ ነው። ቤታችን ማታ ጨለም ይላል፤ ቡና ሲፈላ ልጆች ካያታቸው ጎን ቢቀመጡ ፍላሹ ፊታቸውን ያነጣዋል። ስለዚህ ኤፍ 1.8 የተጻፈበት ይፈለግ። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል፤ ኤፍ 3.5 ከሚለው አራት እጥፍ ግድም ያስገባል። ትርፍ ባትሪም ይያዝ፤ እነዚህ ካሜራዎች ባትሪ ይበላሉ እኮ!

ስልክስ አይበቃም ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም በስልክ ነበር የማነሳ። ተሰበረና የሦስት ዓመት ፎቶ ይዞብኝ ሄደ፤ የእናቴ መልክ የቀረኝ መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ከእቁቡ ላይ ለማሳጠቢያ ጥቂት ይቀመጥ። ደብረ ማርቆስ የሚወርድ ሰው የሁላችንንም ይዞ ሊያሳጥብልን ይችላል።