ኦክስጅን የበለጸገ አየር ለተራ ጠላቂ ይበጃልን? ከጣና እስከ ዘንገና

ናይትሮክስ በመባል የሚታወቀው ኦክስጅን የበለጸገ አየር ለመዝናናት ለሚጠልቅ ሰው ሁሉ እንደሚበጅ ሲነገር ይደመጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው አቋም የተለየ ነው፤ ድብልቁ በተፈጠረለት ሥራ ላይ ውጤታማ ቢሆንም፣ በምዕራብ ጎጃም ዙሪያ ባሉ ሐይቆች አልፎ አልፎ ለሚጠልቅ ሰው ወጪውን የሚመልስ ጥቅም አይሰጥም።

የጥቅሙ መሠረት ግልጽ ነው። በተለመደው አየር ውስጥ ናይትሮጅን 79 በመቶ ያህል ሲይዝ፣ 32 በመቶ ኦክስጅን ባለው ናይትሮክስ ውስጥ ግን ወደ 68 በመቶ ዝቅ ይላል። በባሕር 30 ሜትር የጠለቀ ሰው ሰውነት የሚቀበለው ናይትሮጅን በአየር 24 ሜትር ገደማ እንደጠለቀ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ያለ ደረጃ በደረጃ ዕረፍት ወደ ላይ መውጣት የሚቻልበት ጊዜ ይረዝማል።

ጣና ግን ከፍተኛ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሚገኝ የከፍታው ማስተካከያ ሲደረግ ይህ ጥልቀት በባሕር 17 ሜትር ያህል ይቆጠራል፤ የቆይታ ወሰኑም ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ቢጠቀምና በላይ በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ፣ ጠላቂው በዚያ ጥልቀት የሚቆየው ለ40 ደቂቃ ያህል ነው። እንግዲህ ቀድሞ የሚያስወጣው የአየሩ ማለቅ እንጂ ናይትሮጅኑ አይደለም። ናይትሮክስ ደግሞ ሲሊንደሩን አያበረክተውም።

በዘንገና ነገሩ ይገለበጣል። በእንጅባራ አቅራቢያ የሚገኘው ይህ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ 166 ሜትር ጥልቀት እንዳለው ተመዝግቧል። የኦክስጅን ከፊል ግፊት ከ1.4 ባር እንዳያልፍ ሲባል 32 በመቶው ድብልቅ በዚያ ከፍታ ከ37 ሜትር ገደማ በታች አይፈቀድም። ወሰኑን ብዙ ያለፈ ሰው በውኃ ውስጥ በድንገት ሊንቀጠቀጥና ሊሰጥም ይችላል። በጣና ወለሉ ራሱ ጠላቂውን ያቆመዋል፤ በዘንገና ግን የሚያቆመው የራሱ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው።

ድካም ይቀንሳል የሚለውም ክርክር ጠንካራ ድጋፍ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ በ18 ሜትር ግፊት በደረቅ ክፍል የተካሄደ ጥናት በአየርና በናይትሮክስ መካከል የድካም ልዩነት አላገኘም።

በተቃራኒው ወገን ሊመዘን የሚገባው አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ። ከጣና ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚመለስ መንገደኛ በእንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ይህ ለጠላቂ ሰውነት ከጥልቀት መውጣትን እንደመቀጠል ነው። በአየር ወሰን ተወስኖ ናይትሮክስ የሚተነፍስ ሰው ያነሰ ናይትሮጅን ይዞ ይጓዛል። በቀን ደጋግሞ ለሚጠልቅ ተመራማሪ ይህ ቁም ነገር ነው። አንድ ጊዜ ለጠለቀ ሰው ግን በባሕር ዳር አድሮ በማግሥቱ መጓዝ ያንኑ ጥበቃ ያለ ወጪ ይሰጠዋል።

ስለዚህ በአካባቢው የመጥለቅ ሥራ የሚያስቡ ተቋማት ገንዘባቸውን በቅድሚያ ለከፍታ ስሌት ሥልጠናና በሐይቁ ዳር ለሚቀመጥ የመጀመሪያ ርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን ቢያውሉት ይሻላል። ኦክስጅን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ መድኃኒት ነው፤ በገጠር ጤና ተቋም በሳንባ ምች ትንፋሽ ላጠረው ሕፃን የሚውለውም ይኸው ጋዝ ነው። ከታማሚው ተርፎ ለመዝናኛ ከመቀላቀሉ በፊት ጥቅሙ በቁጥር ሊረጋገጥ ይገባል።